የቡሬ አራት እግር

የገለታ ትራክተር በየዓመቱ አንድ ቦታ ይታመማል። ሽማግሌ ነው፤ አምቦ ይወሰዳል፣ ጋራዥ ይተኛል፣ ታክሞ ይመለሳል፤ ማንም አይደነግጥለትም። በዚያ ኅዳር ግን እጃጂ ውስጥ፣ ከገለታ አጥር ፊት ለፊት፣ ዘይቱን ዘርግፎ ቀጥ ሲል ገለታ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። የጨነቀው ስለ ትራክተሩ አልነበረም። ስለ ተሳቢው ነበር።

ትራክተሩን በጭነት መኪና ወደ አምቦ ወሰዱት። ተሳቢው ከአስፋልቱ ዳር፣ ከአጥሩ ውጭ፣ መጎተቻ ብረቱን መሬት ላይ ጥሎ ብቻውን ቀረ። ግቢ እንዳያስገባው በሩ ጠባብ ነው። በሩን ላስፋ ቢል አጥር መንካት ነው፤ አጥር ከተነካ ደግሞ ከጎረቤት ጋር የድንበር ወሬ ይነሣል፤ የድንበር ወሬ አንዴ ከተነሣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ተሳቢው እዚያው ውጭ ይደር ተባለ።

ይደር ማለት ቀላል ነው። ጎማ እንደ ወርቅ የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። ባለፈው ወር የወፍጮ ቤቱ አይሱዙ ማታ በጎማ ቆሞ ጠዋት በድንጋይ ቆሞ ተገኝቷል። ሌባው የሠለጠነ ስለነበር ድንጋዩን እንኳ አስተካክሎ ነው የደረደረው። ከትራክተር የተፈታ ተሳቢ ደግሞ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ነው፤ ለጎተተው ሁሉ ይሄዳል።

የዚህ ተሳቢ ጎማዎች ደግሞ የገለታ ሚስት የኤቢሴ ላም ናቸው። ምሳሌ አይደለም። ኤቢሴ ቡሬ የምትባል ዝንጉርጉር ላም ነበረቻት፤ ስትዳር ከእናቷ ቤት ይዛት ከመጣችው ጊደር የተወለደች። ተሳቢው አምቦ ተበይዶ አካሉ ሲያልቅ የገለታ ኪስም አብሮ አለቀ፤ ተሳቢው እግር አጣ። ያን ጊዜ ኤቢሴ ምንም ሳትናገር ቡሬን ነድታ ገበያ ሄደች። ስትመለስ በእጇ ገመዱ ብቻ ነበር።

«አራት እግር ሰጥቼ አራት እግር ገዛሁ» አለች። ከዚያ ወዲህ ተሳቢውን ቡሬ እያለች መጥራት ጀመረች። ገለታ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሲሰነብት ግን መሳቁን ተወ። በየማለዳው፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ «ቡሬ እንዴት አደረች?» ትለዋለች። እሱም ወጥቶ አይቶ፣ «ደኅና አድራለች» ይላታል። ይህችን መልስ የሚያጣበት ቀን እንዳይመጣ ነበር ጭንቀቱ ሁሉ። በቆሎው ደርቋል፣ ጤፉ ተከምሯል፤ ገበሬው ገለታ መቼ ይደርስልናል እያለ ነው። ትራክተሩ ቢድንስ ተሳቢ ከሌለ ምን ይጎትታል? ሌላ ቡሬ ደግሞ በበረቱ ውስጥ የለችም።

ገለታ ያላደረገው የለም። በየጎማው ፊትና ኋላ ትላልቅ ድንጋይ ታኮ አደረገ። ተሳቢውን ከአጥሩ ጥግ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር በሰንሰለት አሥሮ በጓጉንቸር ቆለፈው። መጎተቻውን ከትራክተር ጋር የሚያያይዘውን ወፍራም የብረት ፒን ነቅሎ በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ፤ ኪሱ ተቀደደ፣ ኤቢሴ ሰፋችው፣ እንደገና ተቀደደ። ወንድሙ ቀነዓ ለራሱ ተሳቢ ፒኑን ለአንድ ቀን አውሰኝ ቢለው እንቢ አለው፤ በዚህ ምክንያት ወንድማማቾቹ ተኳርፈው ሰነበቱ። ተሳቢው ላይ ልተኛ ሲልም ኤቢሴ አልፈቀደችም። በዚያ ዓመት ሰው ይታገት ስለነበር ከመሸ በኋላ ውጭ መታየት የሚመከር አልነበረም። «ሌባ ጎማውን ሊወስድ ሲመጣ ሌላ ሰው ደግሞ አንተን ሊወስድህ ነው?» አለችው። ጎማውን አውልቄ ቤት ላስገባ ሲል፣ «እኛስ የት ልንተኛ ነው?» አለች።

መላውን ያመጣችው እሷው ናት። የሰፈሩ እድር ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ግድግዳው በክረምቱ ዝናብ ተንዶ ነበር። የእድሩ ሊቀመንበር ልብስ ሰፊው ኦቦ ኦሊቃ ነው፤ ሁልጊዜ ከንፈሩ ላይ መርፌ ይዞ በከንፈሩ ጥግ የሚያወራ ሰው። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ቃሬዛውንና ብረት ድስቶቹን የት እንደሚያደርስ ጨንቆት ከቤት ቤት ሲዞር ኤቢሴ አገኘችው።

«ኦቦ ኦሊቃ፣ ለምን ተሳቢያችን ላይ አትጭኑትም? በሸራ ይሸፈናል» አለችው። ከዚያ ለባሏ ቀስ ብላ፣ «የገለታ ተሳቢ ቢሰረቅ ገለታ ያልቅስ ነው የሚሉት። የእድሩ ዕቃ ያለበት ተሳቢ ግን የሁሉም ነው» አለችው።

እንዳለችውም ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ድንኳኑ ከተጫነ ወዲያ ሰፈርተኛው ሁሉ ዘበኛ ሆነ። ውሃ የምትቀዳው ሴት ስታልፍ ሸራውን ትነካዋለች። ከመጠጥ ቤት የሚመለሰው ሰካራም እንኳ ቆም ብሎ «እድራችን፣ ሰላም ነሽ?» ሳይል አያልፍም። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም በአንድ እድር ውስጥ ነበሩና ቡሬ ሁለት ዓይነት ጸሎት አገኘች። ገለታም ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው።

ሰው እንቅልፍ ሲወስደው ነው የሚሰረቀው ይላሉ። ገለታ ግን የተሰረቀው ፀሐይ ወጥታ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ዓይኑ ቁልጭ ብሎ ነው።

ረፋዱ ላይ ከምዕራብ በኩል አንድ ተሳቢ የሌለው ትራክተር መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መሪውን የያዘው ኮፍያ ያጠለቀ ዝምተኛ ሰው ነው። ጎኑ ተቀምጦ የነበረው ጠና ያለ ሰው ግን ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለብሷል፤ ሲወርድም እንደ ሐዘንተኛ ነው የወረደው፣ እግሩ እምቢ እያለው።

«ኦቦ ገለታ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፤ ምነው ደኅና?»

«ደኅና የለም። የናትናኤል አጎት ሌሊት አረፉብን።» ሰውየው ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። «ከጌዶ ወዲህ ገጠር ውስጥ ነው። ናትናኤል ቀድሞ ሄዷል። ኦቦ ኦሊቃ ዕቃውን ከገለታ ተረከቡ ብለው ልከውን ነው።»

ናትናኤል ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ የሚኖር የእድሩ አባል ነው። የአባል ዘመድ ገጠር ሲሞት ድንኳን ማዋስ የተለመደ ነው፤ ጡሩምባም አይነፋም። ገለታ እጁ ወደ ስልኩ ሄደ። ከዚያ ተመለሰ። ፊት ለፊቱ ሐዘንተኛ ቆሞ፣ ለሊቀመንበሩ ደውሎ እውነት ነው ወይ ብሎ ሊጠይቅ ነው? እንዲህ የሚያደርግ ሰው በእጃጂም በጌዶም አይቶ አያውቅም። ለለቅሶ የመጣን ሰው ውሸታም ከማለት ምላስን መንከስ ይሻላል። ይሉኝታ ሌባ ቢሆን ኖሮ አገሩን ሁሉ ባዶ ያስቀረው ነበር።

«ኧረ እግዚአብሔር ያጥናችሁ!» አለ፤ ልቡም እውነት አዘነ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሲያስታውሰው እስከ ዛሬ ጆሮው ይግላል። ጓጉንቸሩን በገዛ እጁ ከፈተ። ሰንሰለቱን ጠቀለለ። የድንጋይ ታኮዎቹን አንሥቶ ዳር አደረገ። ለወንድሙ የከለከለውን ፒን ከተቀደደው ኪሱ አውጥቶ በገዛ እጁ ከትራክተሩ ጋር አያያዘላቸው፣ እንዳይወልቅም በድንጋይ መታ መታ አደረገው። ጎማዎቹን በእግሩ እየመታ ነፋስ መኖሩን አረጋገጠ፤ ወደ ኋለኛው ሲደርስ፣ «ይቺ ትንሽ ላላ ብላለች፣ አቀበቱ ላይ ቀስ በሉ» ብሎ መከራቸው። ጎረቤቶች መጥተው ከቦዩ ሲወጣ ከኋላ ገፉላቸው። ኤቢሴ ከቤት ወጥታ ለማን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ ጥቂት አለቀሰች፤ ወጉ ነው።

«እኔ ከአምቦ ስለ ትራክተሩ ስልክ እየጠበቅኩ ነው እንጂ አሁኑኑ አብሬያችሁ እመጣ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለቅሶ እደርሳለሁ» አለ ገለታ።

«አይቸኩሉ» አለ ባለ ነጠላው፤ እውነቱን ነው የተናገረው።

ጥቂት ቆይቶ ኦሊቃ ራሱ፣ የጨርቅ ጥቅል በብብቱ ይዞ፣ በገለታ በር አለፈ። ገለታ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ኦቦ ኦሊቃ፣ ናትናኤልን እግዜር ያጥናው። ከባድ ነው፣ አጎት እንደ አባት ነው።»

ኦሊቃ መርፌውን ከከንፈሩ አወጣ። «ናትናኤል ምን ሆነ?»

«አጎቱ... ልከሃቸው የለም እንዴ?»

«ማንን? ናትናኤል አሁን ሱቄ ቁጭ ብሎ ሱሪው እስኪያጥር እየጠበቀኝ ነው። አጎት የሚባልም የለው።» ኦሊቃ ይህን ብሎ ወደ አጥሩ ጥግ ዞረ። ባሕር ዛፉ ብቻውን ቆሟል። «ገለታ፣ ድንኳናችንስ?»

 ገለታ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በዓይኑ ላይ የመጣበት ድንኳኑ አልነበረም፣ ተሳቢውም አልነበረም፤ ኤቢሴ ከገበያ ባዶ ገመድ ይዛ ስትመለስ ነው የታየው። ኤቢሴ ከውስጥ ሰምታ ነበር።  ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ መንገዱ ላይ ወጥታ ባጃጅ አስቆመች።

«ተነሡ!» አለች።

ሦስቱም ባጃጅ ውስጥ ተጣብቀው ወደ ጌዶ አቀበቱን ያዙት። ባጃጇ ታቃስታለች። ከመንገድ ዳር ሰው ባገኙ ቁጥር ያስቆማሉ፤ «ድንኳን የጫነ ትራክተር አይታችኋል?» ይላሉ። የተጠየቀው ሰው ሁሉ ግን መጀመሪያ ባርኔጣውን ያወልቃል።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ዘመዳችሁ ናቸው?»

«ዘመዳችን አይደለም! ሌባ ነው!» ትላለች ኤቢሴ።

«ሌባም ቢሆን ነፍስ ነው፣ ይማረው» ያሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ገለታ በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር።

ከአቀበቱ አጋማሽ ላይ፣ ወደ ገጠር የሚገነጠል የአፈር መንገድ ዘንድ፣ የሴቶች ለቅሶ ሰሙ። ከአንድ አውድማ አጠገብ ሕዝብ ተሰብስቧል። ከሕዝቡ ራስ በላይ የገለታ ተሳቢና አረንጓዴው የእድሩ ሸራ ይታያል። ኤቢሴ ባጃጇ ሳትቆም ዘለለች።

የሆነውን ያጫወተቻቸው ጣቢታ የምትባል የዚያው መንደር ሴት ናት፤ የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መሪ። ሌቦቹ ተሳቢውን ለመደበቅ ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ገጠሩ ይታጠፋሉ። የመኸር ጊዜ ነው፣ ሰው ሁሉ ማሳና አውድማ ላይ ነው። የለቅሶ ድንኳንና ቃሬዛ የጫነ ተሳቢ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ይዞ ወደ መንደር ሲገባ ካየ ደግሞ ማን መንሹን ይዞ ይቆማል? ወንዶቹ የሚወቁትን ትተው ተከተሉ። ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው እያለቀሱ ተከተሉ። ትራክተሩ ቀስ ሲል ሕዝቡ ቀስ ይላል፤ ፈጠን ሲል ሕዝቡም ሮጥ ሮጥ ይላል፣ ሐዘንተኛው ልቡ ቸኩሎ ነው ብሎ። ሌቦቹ ዞረው መመለስ አልቻሉም፣ ከኋላ መንገዱ ሞልቷል። ወደ ፊትም ሲሄዱ ሰው ይጨምራል።

«እኛ ማን ሞተ ብለን አንጠይቅም፣ ነውር ነው» አለች ጣቢታ። «እኔ ግን አንድ ነገር ማወቅ ነበረብኝ፤ ቄስ ነው የሚጠራው ወይስ መዘምራን? ባለ ነጠላውን ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። ‹ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ቄስ ጥሩልን› አለኝ። ለካ በዚያ በኩል ደግሞ አጎቴ ጉተማ ነጂውን ጠይቆታል። ‹ጌታን የተቀበሉ ናቸው፣ መዘምራን› ብሎታል። ጉተማ መጥቶ ‹ልጄ፣ መዘምራኑን ሰብስቢ› ሲለኝ ‹ምን መዘምራን! ቄስ ነው እንጂ!› አልኩት። ተያየን። አንድ ሬሳ፣ ሁለት ሃይማኖት!»

ሌቦች ሲሰርቁ ይስማማሉ፣ ሲካፈሉ ይጣላሉ ይባላል። እነዚህ ገና ለመካፈል ሳይደርሱ ሟቹ ላይ ተጣሉ። ባለ ነጠላው ነገሩ እንደገባቸው ሲያይ ነጠላውን ጥሎ በቆሎው ውስጥ ገባ፤ የገባበት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ነጂው ከመሪው ሳይወርድ ተያዘ። እነ ገለታ ሲደርሱ በሴቶቹ መካከል መሬት ላይ ተቀምጦ ሚሊሻ ይጠብቅ ነበር። አንዲት አሮጊት እላዩ ላይ ቆመው፣ «እሺ ያለቀስኩት እንባ ለማን ይሁን? ንገረኝ!» ይሉታል።

ኤቢሴ የተሳቢውን አራት ጎማ አንድ በአንድ በመዳፏ ከዳሰሰች በኋላ ቀና አለች። «ለቡሬ ይሁንላት፣ እናቴ» አለቻቸው። ከዚያ ጎማው ላይ ተደግፋ የእውነት አለቀሰች። ላሟን በሸጠች ቀን ያላለቀሰችውን ጭምር ነበር ያለቀሰችው።

«ግን ማን አስረከባቸው?» አለ ከሕዝቡ መካከል አንዱ።

«እኔ» አለ ገለታ።  ሰዎቹ አልሳቁበትም፣ ያም ባሰበት።

ማታ፣ የመንደሩ ሰዎች በራሳቸው ትራክተር ተሳቢውን ወደ ቦታው መልሰውላቸው፣ ሰንሰለቱ ታሥሮ ታኮው ገብቶ ካለቀ በኋላ፣ ኤቢሴ ቀኑን ሙሉ ይዛ የዋለችውን ተናገረች።

«ሳትጠይቅ መስጠትህን አልፈርድብህም። እኔም አልጠይቅም ነበር። ግን ዕቃ ሰጠህና ራስህን አስቀረህ። ለቅሶ ከሰዓት በኋላ ይደረሳል እንዴ? ያን ጊዜ ተነሥተህ ‹እኔም መጣሁ› ብትል ኖሮ የት ያደርሱህ ነበር?»



እድሩ ተሰበሰበ። የዕቃ ቤቱ ግድግዳ እስኪሠራ ዕቃው እዚያው ተሳቢው ላይ እንዲቆይ፣ ሆኖም ኦሊቃ በአካል መጥቶ ሳይመሰክር ቁልፍ እንዳይከፈት ተወሰነ። «ማንም ይሁን ማን!» አለ ኦሊቃ፣ ለዚህ ሲል መርፌውን ከአፉ አውጥቶ። ገለታም እጁን አውጥቶ ደገፈ። የአምቦው ጋራዥ በበኩሉ አንዱን ዕቃ ሲያገኝ ሌላው ጎደለኝ እያለ ነበርና ቡሬ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ጥር ገባ።

አንድ ጠዋት እንደገና ትራክተር መጥቶ ቆመ። የወረደው ኤልያቄም የሚባል ወጣት ግንበኛ ነው፤ ከተማው ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ እድሩንም የተቀላቀለ ገና በቅርቡ። ነጠላ አልለበሰም። ሲሚንቶ የደረቀበት የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ የአሠሪውን ትራክተር ከነነጂው ለምኖ ነው የመጣው።

«ኦቦ ገለታ፣ እናቴ...» አለና ቆመ። ቀጥሎ ሊናገር ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ኦሊቃ ክርና ጨርቅ ሊገዛ አምቦ ሄዷል። ገለታ ደወለለት፤ ስልኩ አይሠራም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ገለታ ጓጉንቸሩን ያዘ። የእድሩ ውሳኔ ምላሱ ላይ ነበር፤ ሊቀመንበሩ እስኪመለስ ጠብቅ፣ ምስክር አምጣ። እናትህ ለመሞቷ ምስክር አምጣ ሊለው ነው። ያኛው ነጠላውን አሳምሮ አዘቅዝቆ መጥቶ ሰረቀው፤ ይሄኛው ነጠላ መልበሻ ጊዜ እንኳ አላገኘም። ደግሞስ ማን ያውቃል? ሌባ ሁልጊዜ በአንድ ልብስ አይመጣም። የኤቢሴ ባዶ ገመድ እንደገና ዓይኑ ላይ መጣ።

ኤቢሴ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። 

«ጋቢዬን አምጪልኝ» አላት ገለታ።

ቁልፉን ከፈተ፤ ታኮውን አነሣ፤ ፒኑን አስገባ። ጋቢውን ደርቦ ተሳቢው ላይ ወጥቶ በድንኳኑ ጥቅል ላይ ተቀመጠ። «ና እንሂድ፣ ወንድሜ» አለው ልጁን። «ምንም አልጠይቅህም። እኔም ለቅሶ ደራሽ ነኝ።»

እውነቱ ይነገር ከተባለ ሲሄድ ግማሽ ልቡ ዘበኛ ነበር። የእናትየውን ቤት ሲያይ ግን አፈረ። ከአንድ የገጠር መንደር ጫፍ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ መበለት ናቸው። የቅርብ ዘመድ የለም፤ ጎረቤትም ቢሆን ቤቱ የተራራቀ በመሆኑ ገና አልተሰበሰበም። ድንኳኑን ለመትከል የሰው እጅ ጎደለ፤ ገለታ ጋቢውን አውልቆ ካስማ መታ። ቃሬዛውን የሚሸከም ትከሻ ጎደለ፤ ገለታ ትከሻውን ሰጠ። ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ ለተሳቢ ስለማይመች ትራክተሩ ከተሳቢው ተፈትቶ ውሃ ሊያመጣ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነበር። ኤልያቄም ከመቃብሩ አፍ ላይ «እማዬ» ብሎ እንደ ሕፃን ሲጣራ፣ ገለታ የማያውቃቸውን ሴትዮ አለቀሰ። አምርሮ አለቀሰ። ከንፈሩ ላይ የነበረው የገዛ እናቱ ስም ነበር።

አፈሩ ተመልሶ ሕዝቡ መውረድ ሲጀምር ነው ድንገት ያስታወሰው። ተሳቢው ከትራክተሩ ተፈትቷል። ሰንሰለት የለውም። ባዶ ሜዳ ላይ፣ ብቻውን፣ አራት እግሩን እንደዘረጋ ትቶት ነው የወጣው። ከሰው ተለይቶ ቁልቁል ሮጠ። ለቅሶ ላይ መሮጥ ነውር መሆኑን ያውቃል፤ ሮጠ።

ቡሬ ከነበረችበት አልተነቃነቀችም። በአራቱም ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ ተደርጎላታል። መጎተቻ ብረቷ ላይ አንድ እግረ ሸባ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ምን ያደርጋሉ እዚህ?» አለ ገለታ፣ እያለከለከ።

«ዳገቱን መውጣት አልችል። ቀብሩ ላይ ካልቆምኩ እዚህ ልቁም ብዬ ነው» አሉት። «የተሳቢው ባለቤት ቀብር ላይ ነው አሉኝ። ለእኛ ሰው አፈር ሊያለብስ የሄደ ሰው ዕቃው ብቻውን ይቆማል እንዴ?»

ገለታ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ሲመለስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። ኤቢሴ በሩ ላይ እንደቆመች ናት፤ ጠዋት ከቆመችበት የተነቃነቀች አትመስልም።

«ቡሬ እንዴት ዋለች?» አለችው።

«ለቅሶ ውላ መጣች» አላት።

ኤቢሴ ገብታ ውሃ በጣሳ ይዛ ወጣች፤ ከቀብር የተመለሰ ታጥቦ ነው ቤት የሚገባው። ለገለታ በእጁ አፈሰሰችለት፣ ፊቱንም ታጠበ። ከዚያ የቀረውን ውሃ ይዛ ወደ ተሳቢው ዞረችና፣ ጎንበስ ብላ፣ አንድ በአንድ የቡሬን አራት እግር አጠበች።